«በእጅ የተሳለ» የሚሉትን የመስመር ስዕል ከመግዛታችሁ በፊት

ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ቀጭን መስመር፣ አንድ ክብ፣ ከታች ፊርማ። ኦንላይን «ኦሪጅናል፣ በእጅ የተሳለ፣ ሁለተኛ የለውም» ተብሎ ሲሸጥ ካያችሁ ረጋ በሉ። እኔ የገዛሁት ከፍሬሙ ሲወጣ የፕሪንተር ህትመት ሆኖ ተገኘ። ፊርማው ብቻ እውነተኛ እርሳስ ነው! ሻጩን ስጠይቀው «ዋናው ሐሳቡ ነው» አለኝ። ብሩንም አልመለሰም።

ጥቂት መስመር ያለው ስዕል ውድ ስለሆነ ብቻ ማጭበርበር ነው አልልም። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ አግነስ ማርቲን ለዓመታት በእርሳስና በማስመሪያ ፍርግርግ ስትሠራ ኖራለች። ቀረብ ብሎ ላየው እርሳሱ ሸራው ላይ ሲደምቅ፣ ሲደበዝዝ፣ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ገዢው የሚከፍለው ለዚህ ነው።

የሻጩ ሰበብም አያስኬድም። እርግጥ አሜሪካዊው አርቲስት ሶል ለዊት እ.ኤ.አ. በ1968 ከጀመራቸው የግድግዳ ስዕሎች ብዙዎቹን በጽሑፍ መመሪያ ሌሎች ሰዎች እንዲያሰምሩለት ያደርግ ነበር። ግን ይህ በግልጽ የሚታወቅ ነገር ነው። ገዢውም ሥራው የእሱ ስለመሆኑ የምስክር ወረቀትና ንድፉን ይቀበላል። «እጄ ነው የሳለው» ብሎ የፕሪንተር ህትመት መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

ህትመት በህትመት ዋጋ ቢሸጥ ማንም አይጣላም። «ጂክሌ» የሚሉትም ስሙ አማረ እንጂ የኢንክጄት፣ ማለትም ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር፣ ህትመት ነው። ፊርማው አጠገብ እንደ 12/50 ያለ ቁጥር ካለ ደግሞ ብዙ ቅጂ እንዳለው ራሱ እየነገራችሁ ነው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። መብራት ከጎን አብሩበት። እርሳስ ወረቀቱን ጎድጎድ ያደርጋል፣ ያብለጨልጫልም። ክቡ በኮምፓስ የተሠራ ከሆነ መሃሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይኖራል። በማጉያ መነጽር ስታዩት የህትመት ግራጫ መስመር ወደ ነጠብጣብ ይበታተናል። ብዕር ይዞ የሚያሰምር ማሽንም ስላለ፣ መስመሩ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ጠይቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ከጎን በበራ መብራት የተቀረጸ ቪዲዮ አስልኩ፣ ጀርባውንም ጨምሮ። በምን እንደተሠራም በጽሑፍ ይመልስላችሁ። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ። የእኔው ሻጭ ቅሬታዬን እንደሰማ «በእጅ የተሳለ» የሚለውን አጥፍቶታል።