«እሱን ተወው፣ እግሬን ነው»

ዘንድሮ የገባሁት ለዕረፍት ነበር። ግማሹን ግን ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባሉ ሕክምና ቤቶች አሳለፍኩት። እንደኔ እናት አባት ለመጠየቅ ለምትመጡ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

እናቴ 82 ዓመቷ ነው። ስድስት ወልዳለች። ድሮም ቀጭን ናት፣ አሁን ደግሞ ከስታለች። ለወራት በስልክ «ቀኝ ጭኔን እስከ ጉልበቴ ያመኛል» ትለኝ ነበር። መጣ ሄድ ይላል። የእርጅና ነው ብለን ተውነው፤ ወጌሻም አሽቷታል። በገባሁ በአራተኛው ቀን ማታ ሆዷን ቆረጣት፣ ተነፋች፣ ያስመልሳት ጀመር።

መጀመሪያ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድናት። ጨጓራ ነው ተብላ በመርፌ ተመለሰች። ስለ እግሯ የጠየቀ የለም። እኛም አልተናገርንም፤ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በማግስቱ አረንጓዴ ሲያስመልሳት ራይድ ጠርተን ወደ ሆስፒታል በረርን። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ልጅ እግር ነው። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ «እማማ፣ ሌላ የሚያምዎት ቦታ አለ?» አላት። «እሱን ተወው፣ እግሬን ነው» አለችው። አልተወውም። እግሯን ዘርግቶ ወደ ውጭ ከፈት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ዞር ሲያደርገው ጮኸች። ጉልበቷን ስታጥፍ ቀለል አላት። ወዲያው ሲቲ ስካን አዘዘ።

የተገኘባት ኦብቱሬተር ሄርኒያ ይባላል። ቡአ ነው፣ ግን እንደምናውቀው ዓይነት ቡአ አብጦ አይታይም፤ ከጭን ጡንቻ ሥር ስለሚደበቅ በእጅ አይገኝም። የዳሌ አጥንት ላይ ነርቭ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ አለ። ዙሪያውን የሚሞላው ስብ ሰው ሲከሳ ይሟሽሻል። ያኔ አንጀት ሾልኮ ይገባና ይታነቃል፣ ነርቩንም ይጫናል። ለዚህ ነው ሆድ ታሞ ጭን የሚጮኸው። ከሄርኒያዎች ሁሉ ከ100 አንዱ ቢሆን ነው፤ በብዛት የሚይዘውም ብዙ የወለዱ ቀጫጭን አሮጊቶችን ነው። ሐኪሙ ስዕሉን እያሳየኝ ሲያስረዳኝ እናቴን የሚገልጽ ነበር የመሰለኝ።

ሲቲ ስካኑ ፈጣን ነበር፤ በቴሌብር ከፈልን፣ ውጤቱ በዚያው ቀን ደረሰ። ሆስፒታሉ ላይ ቅሬታ አለኝ። ቅድሚያ ክፍያ ሳይገባ አልጋ የለም፤ በሌሊት መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ የዞርነውም እኛው ነን። ብቻውን የመጣ አዛውንት ምን ይሆናል?

ቀዶ ሕክምናው ግን እጅ ይባረክ የሚያሰኝ ነው። በካሜራ የሚሠራበት መንገድም አለ፤ አንጀቱ ሞቶ ሊሆን ይችላል ተብሎ ስለተሰጋ ግን ከእምብርቷ በታች ከፈቷት። የታነቀውን አንጀት ቀስ ብለው አወጡት። ጠቁሮ ነበር። ሞቅ ባለ ጨርቅ ሸፍነው ጠበቁት፤ ቀለሙ ተመለሰ፣ መቁረጥ አላስፈለገም። ቀዳዳውን ሰፉት፣ የግራውንም አዩላት። ነርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቧ አልራቁም።

የሸመገለ ሰው አስመልሶት ሆዱ ከተነፋ፣ «ጭኔን» ይል እንደነበር ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ንገሩ። ሲቲ ስካንም ጠይቁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አጥሚት ይዤ ስገባ እናቴ ስለ ቁስሏ አላነሳችም። ቀኝ ጭኗን በመዳፏ ዳበስ ዳበስ እያደረገች «ለቀቀኝ እኮ» አለችኝ።