ታጥፎ የሚሠራው የወረቀት ማይክሮስኮፕ

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ የፈለሰፉት፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተዋወቀው ፎልድስኮፕ ከኦሪጋሚ፣ ማለትም ከጃፓኖች ወረቀት የማጠፍ ጥበብ የተቀዳ ማይክሮስኮፕ ነው። መመሪያውን ተከትዬ ሳጥፈው ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ አንዱን እጥፋት ገልብጬው ስለነበር (ጥፋቱ የእኔው ነው) እንደገና መፍታት ግድ ሆነብኝ። እጥፋቶቹ ለውበት የተደረጉ አይደሉም፤ ሌንሱንና ናሙናውን ፊት ለፊት አስተካክለው የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ከጅማው ሂርማታ ገበያ የገዛሁት ቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ፣ እንደ ጡብ የተደረደሩ ሕዋሳቱን ወለል አድርጎ አሳየኝ። ከጓሮዬ የቡና ቅጠል ጀርባ ዝገት የሚባለውን የፈንገስ በሽታ ብርቱካናማ ዱቄት በግልጽ ፕላስተር አንስቼ ስመለከት ደግሞ ቅንጣቶቹ አንድ በአንድ ተለይተው ታዩኝ፤ 140 ጊዜ ያህል ማጉላቱ ለዚህ በቂ ነው። ብርሃን የሚያገኘው ከውጭ በመሆኑ ግን በጅማ ደመናማ ከሰዓት የስልክ መብራት ማዘጋጀት ያስፈልጋል።