የሄርሺ ቤርስ የሆኪ ማሊያ፦ ከባህር ዳር ሰልባጅ ቤት

በባህር ዳር ገበያ አካባቢ ካሉት ሰልባጅ ቤቶች በአንዱ ነው ያገኘሁት። የበረዶ ሆኪ ማሊያ ነው። ቡናማ፣ ሰፊ፣ ደረቱ ላይ ድብ ያለበት። 700 ብር ከፈልኩ፣ ይገባዋል።

ስፌቱ ጉድ ነው። ቁጥሩና አርማው እንደ ብዙ የኳስ ማሊያ በሙቀት የተለጠፉ አይደሉም፤ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተደርቦ ስለተሰፋ ደጋግሜ አጥቤው እንኳ ጫፉ አልተነሳም። የሚሰፋው ከትከሻ መከላከያ በላይ እንዲለበስ ስለሆነ ከውስጥ ሹራብ ይችላል። በጠዋት ሳይክል ለሚነዳ ወይም በጀልባ ወደ ዘጌ ለሚሻገር ሰው አሪፍ ነው። ቀትር ላይ ግን አትሞክሩት፣ ያፍናል።

ከጀርባው በውስጥ በኩል አንዲት ማሰሪያ አለች። እንዳትቆርጧት! ሆኪ ላይ ተጫዋቾች ጓንት ጥለው ይቧቀሳሉ፤ ዳኛውም አብዛኛውን ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ያስቀምጣቸዋል እንጂ ከጨዋታው አያባርራቸውም። ታዲያ አንዱ የሌላውን ማሊያ ጎትቶ ጭንቅላቱ ላይ እንዳይገለብጥበት በዚህች ማሰሪያ ከሱሪው ጋር ይያያዛል።

ማሊያውን ያስወደደኝ ግን ቡድኑ ነው። ሄርሺ በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ያለች፣ በቸኮሌት የምትታወቅ፣ ወደ 14 ሺህ ሰው የሚኖርባት ቦታ ናት። ቡድኑ የሚጫወተው በትልቁ ሊግ በኤንኤችኤል ሳይሆን ከሥሩ ባለው በኤኤችኤል ነው። በዚህ ደረጃ ያሉ ክለቦች ገንዘብ ሲያጥር ይሸጣሉ፣ ስም ይቀይራሉ፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሌላ ከተማ ይገባሉ። ቤርስ ግን እ.ኤ.አ. በ1938 ሊጉን ከተቀላቀለ ጀምሮ እዚያው ሄርሺ ነው፤ የሊጉን የካልደር ዋንጫም 13 ጊዜ በልቷል፣ በ2023 እና በ2024 ደግሞ በተከታታይ። (ዊልት ቻምበርሌይን በ1962 በአንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረው በዚሁ ቡድን የድሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር።)

ቤርስ ከእ.ኤ.አ. 2005 ወዲህ ለኤንኤችኤሉ ቡድን ለዋሽንግተን ካፒታልስ ተጫዋች ያበስላል። ልጁ ጎበዝ ሲሆን ይወስዱታል ማለት ነው። ጎበዝ ልጁን አዲስ አበባ የወሰዱበት የከነማ ደጋፊ ይህ ይገባዋል። ደጋፊው ግን አይሄድም፤ ከ10 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው አዳራሽ፣ ማለትም ከነዋሪው ብዛት ብዙም የማይርቀው፣ ሰው አያጣም። በጥር 2025 ቡድኑ የመጀመሪያዋን ጎል ሲያስቆጥር ደጋፊው ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ አሻንጉሊት በረዶው ላይ ወረወረ፤ ሲቆጠር ከ102 ሺህ በላይ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ደጋፊ ያለው ቡድን ትልቁ ሊግ ውስጥ ባይኖርም ለእኔ ትልቅ ነው።

ሱቁን በተመለከተ፦ መስታወት የለም፣ መለኪያ ቦታም የለም፤ ማሊያዎቹ ከሹራብና ከጃኬት ጋር ተደባልቀው ስለሚከመሩ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን ሻጩን ጠይቁት፣ ያኔ ምርጫ አለ። እኔ ስጠይቀው በደንብ ነው የነገረኝ፣ ክምሩንም ራሱ አገላብጦ አሳየኝ።

ስትመርጡ ከለመዳችሁት ቁጥር አንድ ዝቅ በሉ። በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አስጡት፣ ካውያ አርማው ላይ አታሳርፉ። ጨዋታቸውን ማየት ያማራችሁ ደግሞ ሊጉ በኢንተርኔት በክፍያ ያሳያል፤ በእነሱ ክረምት ማታ የሚጀመረው ጨዋታ ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው የሚደርሰው።