«ሙሉ የቤት ፌሻል ፓኬጅ» ከቴሌግራም የምትገዙ፣ ስም የሌለውን ክሬም ሳትቀቡ ይህን አንብቡ

ጥር በደረሰ ቁጥር ባሕር ዳር ላይ አንድ ንግድ ይጦፋል፤ «ሙሉ የቤት ፌሻል ፓኬጅ» ይሉታል። ሳሎን ሄዳችሁ ከምትከፍሉት ባነሰ ዋጋ ሁሉም ነገር በአንድ ፌስታል ይመጣል፦ የፊት ሳሙና፣ ስክራብ፣ ቆዳ የሚልጥ ቢጫ የፒሊንግ ዘይት፣ የከሰል ማስክ፣ ከዚያ ዋናው «የማታ ክሬም»። ትእዛዙ በቴሌግራም፣ ክፍያው በቴሌብር፣ ዕቃው በባጃጅ ዓባይ ማዶም ብትሆኑ ሽምብጥ ደጃፋችሁ ድረስ። የአክስቴ ልጅ ለሰርጓ ስትዘጋጅ 3,800 ብር ከፍላ ያስመጣችው ይህንኑ ነው። የሻጯን ስም አልጠራም። ያንኑ ፌስታል የሚሸጡት ብዙ ስለሆኑ አንዷን ማወቃችሁ ከሌሎቹ አያድናችሁም።

ሳሙናውንና ማስኩን ለጊዜው ተዉት። ጉዳዩ ክሬሙ ነው። ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ ወርቃማ ክዳን፣ ላዩ ላይ የአበባ ሥዕል ያለው ተለጣፊ። የአምራች ስም የለውም። የተሠራበት ሀገር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀንም የለውም። ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈበትም። ሻጯ ስትጠየቅ «ራሴ የምቀምመው ነው የኔ ቆንጆ፣ ሚስጥሩን ካወጣሁት በምን እበላለሁ?» አለች። የበርበሬ ቅመም ቢሆን መልሱ ያስኬድ ነበር።

አይሠራም ብዬ አላወራም። በደንብ ይሠራል፤ ለዚህም ነው የሚሸጠው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ብጉሩ ይከስማል፣ ማድያቱ ይገረጣል፣ ፊት ያበራል። ያየ ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላል። ሙሽሪት ለሚዜዎቿም አዘዘችላቸው። ነገር ግን ማርም ሆነ እርድ፣ እርጎም ሆነ አቮካዶ በዚህ ፍጥነት ማድያት አያጠፋም። እንዲህ የሚያጣድፉ ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ሦስቱም በዋዛ ፊት ላይ የሚቀቡ አይደሉም።

አንደኛው ስቴሮይድ ነው፤ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት። ለኤክዜማና ለመሳሰሉት ሕመሞች ሐኪም የሚያዛቸው መድኃኒቶች ናቸው። የደም ሥሮችን ያጠባሉ፣ መቅላትንና እብጠትን ያጠፋሉ፤ ስለዚህ ፊት ወዲያው የጠራ ይመስላል። ክሎቤታሶል ከሁሉም ኃይለኛ ከሚባለው መደብ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው 0.05 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የመድኃኒቱ መመሪያ ፊት ላይ እንዳይቀባና በተከታታይ ከ2 ሳምንት እንዳያልፍ ያስጠነቅቃል። የኛዋ ሻጭ ግን «በየማታው፣ እስከ ሰርግሽ ቀን» ነው ያለችው። ሲቆይ ቆዳ ይሳሳል፣ ጉንጭ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ጠፋ የተባለው ብጉር በዝቶ ይመለሳል፣ ሴት ልጅ ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል።

ቅባቱ ሲቆም ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ልብ በሉ፣ ነጋዴዋ የምታተርፈው እዚህ ጋ ነው። የአክስቴ ልጅ ብልቃጡ አልቆባት ፊቷ እንደ በርበሬ ሲቀላ ለሻጯ ፎቶ ላከች። መልሱ በድምፅ መጣ፦ «አትደንግጪ የኔ እናት፣ ውስጥሽ የነበረው ቆሻሻ እየወጣ ነው፤ አሁን ደረጃ ሁለቱን ጀምሪ»። ደረጃ ሁለት 2,500 ብር ነው። ተቀባችው፣ በረደላት። ለምን አይበርድላት፣ ያው መድኃኒት ተመለሰለት! በዚህ መንገድ ከቀጠለ ደረጃ ሦስትም አራትም አለ። ሕመሙንም ማስታገሻውንም የምትሸጠው አንዲት ሴት ናት።

ሁለተኛው ሜርኩሪ ነው። ቆዳ ቀለሙን እንዳያመርት ያግዳል፣ በቆዳ በኩል ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ጉዳቱ በተቀባችው ሴት ብቻ አይቆምም። ትነቱ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ በፎጣና በትራስ ወደ ልጆች ይሻገራል። ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጸድቅ፣ ከ2020 በኋላ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ እንዳይመረትና ከሀገር ሀገር እንዳይነገድ ብሎ ነበር። በ2023 ደግሞ ያቺ አንድ እጅም ቀርታ፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በሙሉ እስከ 2025 እንዲቆም አባል ሀገራቱ ተስማሙ። ጽሑፍ ያለው ዕቃ ከሆነ «ካሎሜል»፣ «ሜርኩሪክ» ወይም «ሜርኩሪየስ» የሚሉትን ፈልጉ። ጽሑፍ ከሌለው ሻጯን አድምጡ፦ «ስትቀቢ ወርቅና ብርሽን አውልቂ» ካለች፣ ሜርኩሪ ወርቅን እንደሚያበላሽ አስታውሱና ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ሦስተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ሐኪም እየተከታተለ ለማድያት ለጥቂት ጊዜ ያዝዘዋል። መጠኑ ሳይታወቅ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ሊያጠፋው የመጣውን ጥቁረት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አድርጎ ይተክለዋል፣ ያ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። የአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ማንጫ መዋቢያዎች ካስወጣው ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ተቀላቅለው የሚገኙበት ጊዜም አለ።

ስለ ቢጫው ዘይት ደግሞ ባጭሩ። ፒሊንግ ማለት አሲድ ነው። ከእነዚህ አሲዶች አንዱ የሆነው ግላይኮሊክ አሲድ በቤት ሲደረግ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል። ይህኛው ግን የአሲዱን ዓይነትም መጠንም አይናገርም። ቆዳ ልጦ ካወጣ በኋላ የሚገጥመው ደግሞ የኛ ፀሐይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ሐይቁ ዳር ለፎቶ የምትቆም ሙሽራ በዚያ ላይ ከውኃው የሚመለሰውንም ትጠጣለች። የተላጠ ቆዳ እንዲህ ያለ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ማድያቱ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። እናም ከፌስታሉ ውስጥ የሌለውን ነገር ተመልከቱ፦ የፀሐይ መከላከያ የለም! ስለ ፊት የምታውቅ ሴት መጀመሪያ የምትጨምረው እሱን ነበር።

«ታዲያ ቤት ውስጥ ፌሻል አይደረግም?» ለምትሉ፣ ይደረጋል፣ ርካሽም ነው። ፊትን በለብ ያለ ውኃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ የሚስማማችሁ ከሆነ ንጹሕ ማር ወይም ስኳር የሌለው እርጎ ለጥቂት ደቂቃ ቀብቶ መታጠብ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ማለስለሻ፣ ቀን ደግሞ ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ። ሎሚ አትቀቡ፤ አሲዱ ኃይለኛ ነው፣ ላዩ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል። ቤኪንግ ሶዳም የጥርስ ሳሙናም ፊት ላይ ቦታ የላቸውም። ማድያት ያለባት ሰው በእንፋሎት ባትታጠን ይሻላታል፣ ሙቀት ያብሰዋልና። ይህ ሁሉ በሳምንት አያነጣም። በሳምንት አነጣለሁ የሚላችሁ ካለ ከላይ የጻፍኩትን አስቡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ፊት ግን ቢፈስ አይለቀምም።

ገዝታችሁ እየተቀባችሁ ያላችሁ፣ ብልቃጡን ይዛችሁ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለረጅም ጊዜ የተቀባ ስቴሮይድ እንዴት እንደሚቆም ሐኪም ይንገራችሁ። ቀሪውን ክሬም መታጠቢያ ውስጥም ወደ ጣና የሚወርድ ቦይ ውስጥም አትድፉት። በፌስታል ጠቅልላችሁ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት፣ ማስረጃም ነው። የቴሌብር ደረሰኙን፣ የድምፅ መልእክቱንና የማስታወቂያውን ስክሪንሾት አትሰርዙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰባችሁ ጉዳት የመካስ መብት ይሰጣችኋል። መዋቢያ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ በነፃ መስመሩ 8482 ደውላችሁ ጥቆማ ስጡ።

የአክስቴ ልጅ ሕክምና ላይ ናት፣ ብሯ አልተመለሰም። ገንዘቧን ስትጠይቅ ሻጯ ብሎክ አደረገቻት። ቻናሉ ስሙን ቀይሮ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ብልቃጡ ያው ነው፣ ተለጣፊው ብቻ ተቀይሯል። አዲሱ ማስታወቂያ «ለነፍሰ ጡርና ለአራስም የሚሆን» ይላል። ሜርኩሪ ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል፤ ይህን ያየች ነፍሰ ጡር ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሯት።