ባለ አንድ ሽቦዋ አውሮፕላኔ ከስምንት ወር በኋላ

ከስምንት ወር በፊት ነው እዚህ ሂዩስተን ከአንድ ሽማግሌ ያገለገለ የሞኖላይን እጀታ፣ ማለትም ሞዴል አውሮፕላን በአንድ ሽቦ የሚበርበትን መያዣ፣ የገዛሁት። በሽቦ ታስረው ዙሪያውን የሚበሩት ሞዴል አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ሁለት ሽቦ አላቸው። እጀታውን ስታዘነብል አንዱ ይሳባል፣ ሌላው ይላላል፣ ጅራቷ ላይ ያለው ኤሌቬተር፣ ማለትም ወደ ላይና ወደ ታች የሚመራት ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ይንቀሳቀሳል። ይሄ ግን አንድ ሽቦ ብቻ ነው። "አንዱ እንዴት ብሎ ወደ ላይም ወደ ታችም ያዛል?" አለችኝ ባለቤቴ።

በመጠምዘዝ ነው። እጀታው ላይ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ አለ። በአንድ እጅህ እጀታውን ይዘህ፣ በሌላው ዘንጉ ላይ የምትንሸራተተውን መያዣ ወደፊት ወይም ወደኋላ ትገፋለህ። ዘንጉ ይሽከረከራል፣ ሽቦውም አብሮት። 18 ሜትር ያህል ርቆ አውሮፕላኗ ውስጥ ያለው ሌላ ጥምዝ ያንን ዙር ወደ መግፋትና መሳብ ይቀይረዋል። የዚህ ፈጠራ ባለቤቶች የስታንዘል ወንድማማቾች ናቸው። አገራቸው ሹለንበርግ፣ ቴክሳስ ነው፤ ከኛ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ሙዚየማቸውም እዚያው ነው።

ለምን ተደከመ? ለፍጥነት። አየር ውስጥ የሚጎተት ሽቦ ሞተሩን ክፉኛ ያደክማል። አንድ ሽቦ የሁለቱን ያህል እንዲጠነክር 1.4 እጥፍ ያህል መወፈር አለበት። እንደዚያም ሆኖ አየር የሚመታው ስፋት ከሁለቱ ድምር 30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቀጥ ብላ ስትዞር ድምጿ ራሱ ይለያል።

አሁን ወደ እሮሮዬ። ትእዛዙ ይዘገያል። መጀመሪያ ሽቦው ራሱ እንደ ስፕሪንግ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ነው ወዲያ ማዶ የሚደርሰው። መገለባበጥ የሚወድ ሰው በሁለት ሽቦው ይቆይ፤ እኔ ሞክሬ አፍሬያለሁ። ሁለቱም እጅህ ስለሚያዝ ላብህን እንኳ አትጠርግም።

ከሁሉም የባሰው ግን የሽቦው ነገር ነው። በሦስተኛው ወር ጠባብ ጥቅል ላይ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ሳወጣው አንድ ቦታ የሩዝ ፍሬ የምታክል እጥፋት ነበረችበት። ምን ታመጣለች ብዬ በፒንሳ አቃናኋት። አውሮፕላኗን አስነሳኋት፣ ሁለት ዙር ደህና ሄደች። ወደ ላይ ብላት ዝም። ብገፋ፣ ብገፋ ዝም። ከዚያ ጠምዛዛው በአንድ ጊዜ ተለቀቀና ሽቅብ ተወነጨፈች፤ ስመልሳት ደግሞ መሬት ቀደመችኝ። አንድ ክንፍ ሄደ። እጥፋት ያለበት ሽቦ አይቃናም፣ ይጣላል።

አሁን ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ዘይት በነካ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያሻሸሁ በጣቴ እፈትሸዋለሁ። የእጀታውን ማሰሪያ የእጅ አንጓዬ ላይ ሳላጠልቅ አላስነሳም፤ የመብራት ገመድ ባለበት ሰፈርማ ጭራሽ አልሞክረውም። ሽቦው ደግሞ የሚያድረው በተቃጠለው የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ዙሪያ ተጠቅልሎ ነው። ከቤቱ ዕቃ እንደሱ ሰፊ ክብ አላገኘሁም።