የዛገ የጊታር ብሪጅ ላስቸገራችሁ፦ ምስጋናና ጥቆማ

አዲስ አበባ ውስጥ የዛገ የኤሌክትሪክ ጊታር ብሪጅ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበትን ብረት) ሳይሰብር የሚፈታ ባለሙያ ለምትፈልጉ፣ አለ። ብቻቸውን ስለሚሠሩና ወረፋ ስለማይወዱ ስማቸውና ስልካቸው አደባባይ እንዳይወጣ ጠይቀዋል፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እሰጣለሁ። እኛ «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እጅዎ ይባረክ።

የጠገኗት ጊታር ከጅዳ የመጣች ያገለገለች ስኳየር ስትራቶካስተር (የፌንደር ኩባንያ ረከስ ያለ ሥሪት) ነች። የባሕር ጨውና እርጥበት ከተጫዋች ላብ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚበላው የሳድሎቹን (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባቸው ቁርጥራጮች) ትንንሽ ብሎኖች ነው። ስድስቱ ሳድሎች እያንዳንዳቸው ሁለት የከፍታ ብሎን አላቸው፣ በድምሩ 12። ከነዚህ ሰባቱ ንቅንቅ አይሉም ነበር፤ የሁለቱ ደግሞ የቁልፍ ቀዳዳቸው ተበልቶ ክብ ሆኗል። ክሩን ዝቅ ማድረግ አይቻልም፤ ሳድሉን ወደፊትም ወደኋላም መውሰድ አይቻልም። ትዝታም ሆነ ባቲ አንገቱ ላይ ወጣ ብሎ ሲጫወቱባት ድምፁ ከቃኙት ይሸሻል።

ጋሼ መሣሪያ ከማንሳታቸው በፊት የጠየቁት «ምን ፈሶባታል?» ብለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጋራዥ ውስጥ የዛገ ብሎን ላይ ፍሬን ዘይት የሚያፈስ አይጠፋም፤ ፍሬን ዘይት ግን ቀለም ይልጣል። ደብሊው ዲ 40ም ቢሆን ጊታር ላይ አይነፋም፤ ወደ ፒክአፑና (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) ወደ እንጨቱ ይገባል። በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ጠብታ ብቻ ነው የሚፈለገው።

ሁለተኛው ነገር ባለ ስድስት ማዕዘኑ የብሎን ቁልፍ ነው። የአሜሪካ ፌንደር ብዙውን ጊዜ 0.050 ኢንች፣ ማለትም 1.27 ሚሊ ቁልፍ ይወስዳል፤ አብዛኛው ስኳየር ደግሞ 1.5 ሚሊ። ትንሹን ትልቁ ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ በጉልበት ማዞር ማዕዘኑን ይበላዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ቢኖርም ቀዳዳው በላብና በአቧራ ከተደፈነ ቁልፉ እስከ ታች አይገባም፣ ያው ይበላል። ጋሼ እያንዳንዱን ቀዳዳ በመርፌ ሲጠርጉ ያየ ሰው ሥራው ያልተጀመረ ይመስለዋል፤ ግማሹ ያለቀው ግን እዚያ ነው።

ከዚያ ክሮቹን አላልተው አወጡ፣ የጀርባውን ክዳን ከፈቱ፣ ሞላዎቹን ነቀሉ፣ ብሪጁን የያዙትን ስድስት ብሎኖች ፈትተው ሙሉውን አነሱት። ሞላዎቹ የሚታሰሩበት ብረት ላይ የተበየደውን የግራውንድ ሽቦ አልነኩትም፤ እሱ ከተበጠሰ ጊታሩ አምፕ ላይ ሲሰካ ይጮኻል። ማንኛውንም ጠንከር ያለ ፈሳሽና እሳት የሚጠቀሙት ሳድሎቹ ከጊታሩ ከራቁ በኋላ ብቻ ነው።

ሳድሎቹን የነከሩት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል አዋህደው ነው። ሁለቱ ቶሎ ስለሚለያዩ በየመሃሉ ይናጣል። አሴቶን ቀለምን ስለሚያሟሟ ጊታሩ አጠገብ ባይደርስ ይሻላል፤ እሳትም ስለሚይዝ፣ ሳድሎቹ አድረው ከወጡ በኋላ በደንብ ተጠርገው እስኪደርቁ ድረስ ሙቀት አይነካቸውም። ዝገት ለማስለቀቅ አቼቶ ስለሚጠቀሙት ሰዎች ስጠይቃቸው ማግኔት አነሱ። ማግኔቱ የያዘው ሳድል ብረት ነው፣ አቼቶ ለጥቂት ሰዓት ይችላል። ያልያዘው የዚንክ ቅልቅል ሊሆን ስለሚችል አሲድ ይበላዋል። በዚንክ የተለበጠ ብሎንም ልባጡን ያጣና ቶሎ ይዝጋል።

የደረቀውን ሳድል በቆዳ በተሸፈነ ሞርሳ ቀስ አድርገው አሠሩ (አጥብቀው ቢይዙት ዚንክ የሆነው ይሰነጠቃል)፣ የሶልደሪንግ አይረኑን ጫፍ ብሎኑ ራስ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሳረፉ። ብሎኑ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ዝገቱ ይሰነጠቃል፤ እየቀዘቀዘ ሳለ የምትገባው የዘይት ጠብታ ወደ ጥርሱ ትዘልቃለች። ከዚያ መጀመሪያ በጣም ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው። ብሎኑ ሲንሲያጥጥ ቆም ብለው ይመልሱታል፣ ዘይት ይጨምራሉ፣ እንደገና። ችኩል ሰው ብሎኑን የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው።

ቀዳዳቸው የተበላው ሁለቱ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። 1.5 ሚሊ ለነበረው ቀዳዳ የቶርክስ ቲ6 (ባለ ኮከብ ቅርጽ መፍቻ) ጫፍ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ተደርጎ ሲገባ ጥርሶቹ ይነክሱታል፤ አንደኛው በዚህ ወጣ። ሁለተኛው እምቢ ስላለ መሃሉን በ2 ሚሊ ትራፓኖ በሱት፣ የቀረውን ቀፎ ለቅመው አወጡ፣ ቀዳዳውንም በ3 ሚሊ ጥርስ ማውጫ አጸዱት። አዲሶቹ ብሎኖች የማይዝጉ ስቴንለስ፣ 3 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ናቸው፤ ለዳሩ ሁለት ሳድሎች 8 ሚሊ፣ ለመሃሎቹ 10 ሚሊ። የዳሮቹ ዝቅ ብለው ስለሚቀመጡ ረጅም ብሎን ከላያቸው ወጥቶ መዳፍ ይቧጭራል። ጥርሱ ላይ ስስ ግሪስ።

«ብሪጁን ቀይሩት» የሚል ምክር ለሰማችሁ፦ መጀመሪያ ከአንደኛው የማሰሪያ ብሎን መሃል እስከ ስድስተኛው መሃል ለኩ። የድሮው የፌንደር ልክ 56 ሚሊ ገደማ ነው፤ ብዙ የእስያ ሥራዎች 52.5 ሚሊ ናቸው። የማይገጥም ብሪጅ በሰው አስመጥቶ እንጨቱን እንደ አዲስ መብሳት ለኔ ኪሳራ ነው። ይህን የሚነግር ጠጋኝ ብዙ አይገኝም፤ ጋሼ ለክተው አሳዩ።

ሲገጥሙ ደግሞ «መድረክ ላይ ዘንጉን ትጠቀምበታለህ?» አሉ፤ ድምፅ ለማወዛወዝ ብሪጁ ላይ የሚሰካውን ማለታቸው ነው። ለማይጠቀም ሰው ሞላውን አጥብቀው ብሪጁን ከጊታሩ አካል ጋር ያጋጥሙታል፤ ሠርግ ላይ አንድ ክር ቢበጠስ የቀሩት ቅኝታቸውን አይለቁም። ዘንግ ለሚወድ 3 ሚሊ ያህል ከፍ ያደርጉታል። የክሩ ከፍታ 17ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ 1.6 ሚሊ። በመጨረሻ በአዲስ ክር ኢንቶኔሽን (ድምፁ አንገቱ ላይ ሁሉ ከቅኝቱ እንዳይሸሽ ማስተካከል)፦ 12ኛው ፍሬት ላይ የተጫነው ድምፅ ከሃርሞኒኩ (እዚያው ክሩን ሳይጫኑ ነካ ብቻ አድርገው ከሚያወጡት ድምፅ) ከፍ ካለ ሳድሉ ወደኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደፊት።

ጉድለታቸውን ልናገር፦ አይቸኩሉም። ነገ ፕሮግራም ያለው ሰው ባይወስድላቸው ይሻላል። ቀለም አይሠሩም። ዋጋውን ግን ከፍተው ካዩ በኋላ፣ ሥራ ሳይጀምሩ ይናገራሉ፤ የወጡትን አሮጌ ብሎኖችም በላስቲክ አድርገው ይመልሳሉ። ስትሄዱ ምንም ሳትነፉባት፣ የወለቀና የተሰበረ ነገር ካለ ሰብስባችሁ፣ ዘንጉንም አብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ።