ዋስትናው ያለቀበት ቴሌቪዥን፦ ማሠራት ወይስ አዲስ መግዛት?

አዳማ ባለው ቤታችን ትልቁ ቴሌቪዥን የአንድ ዓመት ዋስትናው ባለቀ በሁለተኛው ወር ድምፅ እያለው ምስሉ ጠፋ። የሸጠልን ሱቅ «ጊዜው አልፏል» ብሎ መለሰን። በጣም ያናድዳል። ስንት ብር የወጣበት ዕቃ ነው!

እኔ ከመወሰናችሁ በፊት ብልሽቱን ለዩ እላለሁ። ድምፅ ካለ ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ስክሪኑ ላይ አስጠጉ። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ ብዙ ጊዜ የሞተው ከኋላ የሚያበራው የኤልኢዲ መብራት ነው። ይሄ ይቀየራል፤ ወጪው ከአዲስ ቴሌቪዥን ጋር አይወዳደርም። ጭራሽ አልነሳ ካለም ብዙ ጊዜ ችግሩ ፓወር ቦርዱ (ለቴሌቪዥኑ ኃይል የሚሰጠው የውስጥ ሰሌዳ) ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ያበጠ ካፓሲተር (ኃይል የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ካለ በትንሽ ብር ይቀየራል። የኛም መብራቱ ነበር፤ ተሠርቶ ይኸው ደህና ነው። ብቻ ሠሪውን «የተቀየረውን ዕቃ አሳየኝ» በሉት።

ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ግን አዲስ ግዙ። ፓነሉ፣ ማለትም ስክሪኑ ራሱ፣ ብቻውን የአዲሱን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል።

አዲሱም ቢሆን መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ አያመልጥም። ስታቢላይዘር ግዙለት። መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉት፤ ሲመለስ ትንሽ ጠብቃችሁ ሰኩት።